አርብን ላሰገደልን ትምህርት ቤት ምስጋና ይድረስ

«አማርኛ ማንበብ ያቅተዋል፤ የእንግሊዝኛ ክላሲክ ግን ይጨርሳል!» እያላችሁ በልጆቻችሁ የምትኮሩ ወላጆች ሆይ፣ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን መሃል አዲስ አበባ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቀን ተጋብዤ የድካማችሁን ፍሬ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

የዳንኤል ዴፎ ልብ ወለድ ባለታሪክ፣ መርከቡ ሰጥማ ደሴት ላይ የቀረው ሮቢንሰን ክሩሶ መድረኩ ላይ ቆሟል። የጥጥ ጢም ተለጥፎለታል፤ ከአያቱ ቤት የመጣ የሚመስል አጎዛ ደርቧል። አርብ የተባለው ባላገር ከመጋረጃው ጀርባ ወጣና ተንበረከከ፤ የክሩሶን እግር አንሥቶ አናቱ ላይ አሳረፈ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እናቶች ስልካቸውን ደግነው ወደ ፊት ተጋፉ። «ማስተር!» አለ አርብ፣ ፈረንጅ በሚያስቀና አነጋገር።

ትምህርት ቤቱ ከመጽሐፉ ዝንፍ አላለም። ክሩሶ ያንን ሰው ስምህ ማን ነው ብሎ አይጠይቀውም፤ ነፍሱን ባተረፈለት ቀን ስም «አርብ» ብሎ ይሰይመዋል፣ ከዚያ «ጌታዬ» ማለትን ያስተምረዋል። «አዎ» እና «አይደለም» የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓተ ትምህርት ከየት ይገኛል?

እንዲያውም የተዘለለ ትዕይንት ስላለ ለከርሞ ላስታውስ። ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1719 ባሳተመው መጽሐፍ የክሩሶ መርከብ የሰጠመችው ከጊኒ ባሪያ ሊገዛ ሲጓዝ ነው። ከዚያ በፊትም ከባርነት አብሮት ያመለጠውን ብላቴና በ60 ጥሬ ብር ለመርከብ አዛዥ አሳልፎ ሰጥቶታል። ለመድረክ የተመቸ ነው፤ ብሩን ሲቆጥሩ የሒሳብ መምህሩ ሊያግዙ ይችላሉ። ደረሰኝም ይቆረጥ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የተዋናዮቹ አመራረጥ ነው። ዴፎ አርብን እምብዛም ጥቁር እንዳልሆነ፣ ጠይም እንደሆነ፣ ጸጉሩ እንዳልተከረደደ፣ አፍንጫውም እንደ አፍሪካውያን እንዳልተደፈጠጠ አስረግጦ ይነግረናል፤ አንባቢው እንዲወድለት መሆኑ ነው። የእኛዎቹ ዴፎን አስከነዱት። ከክፍሉ ሁሉ የጠቆረውን ልጅ ፈልገው አንበረከኩት። ክሩሶ ደግሞ ቀይ፣ ጸጉረ ሉጫ ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ያንን ልጅ የመረጠው መምህር ተብሎ ደመወዝ የሚበላ አዋቂ ሰው ነው። ሳምንታት ሲለማመዱ የትኛውም መምህር፣ የትኛውም ወላጅ «ለምን እሱ?» አላለም። በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ አርብ እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው፤ ስሙ እስኪረሳ። ይህ ንቀት ከለንደን በመርከብ አልመጣም። እዚሁ ቤታችን የኖረ ነው፤ መጽሐፉ መድረክ ሰጠው እንጂ። ነውር ነው!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። እነዚሁ ልጆች የካቲት 23 ጎፈር ደፍተው፣ የካርቶን ጋሻ አንግበው ምኒልክ አደባባይ ፎቶ የተነሡ ናቸው። ዓድዋን አክብሮ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ለክሩሶ መስገድ ሰፊ ልብ ይጠይቃል።

ከጎኔ የተቀመጡ ከረባት ያሰሩ አባት «የዘመኑ አስተሳሰብ ነው» ሲሉ አጽናኑኝ። እውነት ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ መጀመሪያ የሕትመቱን ዓመት አይቶ፣ የዘመኑን ፍልስፍና አመዛዝኖ ነው የሚጀምረው። ፈረንጆቹ ግን ይህን ያህል አልተራቀቁም። ሮአልድ ዳል እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው የቸኮሌት ፋብሪካ ታሪክ ሠራተኞቹ ከአፍሪካ ጫካ በሣጥን ታሽገው የመጡ፣ ደመወዛቸው የካካዎ ፍሬ የሆነ ድንክ ጥቁሮች ነበሩ። ተቃውሞ ሲበዛበት በ1973 እትም ነጭ አደረጋቸው። ደራሲው የለወጠውን እኛ እንጠብቅለት እንጂ!

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዶክተር ዱሊትል የተባለውን ሐኪም ታሪክ፣ ሌላ የልጆች መጽሐፍ፣ እጠቁማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1920 በወጣው እትም አንድ አፍሪካዊ ልዑል በስሞሽ የቀሰቀሳት የተረት እመቤት ጥቁር ፊቱን አይታ ስለሸሸችው ነጭ አድርገኝ ብሎ ይለምናል። ሐኪሙ በገንዳ መድኃኒት ቀላቅሎ ፊቱን ይነክርለታል፤ ልዑሉም በምላሹ ከእስር ያስመልጠዋል። በ1988 የታረመው እትም ይህን ትዕይንት ቆርጦ ጥሎታል፤ ስለዚህ አሮጌውን ፈልጉ። ገንዳ ከጽዳት ክፍል ይገኛል። የሚያነጣው ቅባትም ችግር የለውም፤ ፒያሳ የመዋቢያ ሱቆች ውስጥ ሞልቷል። ወጪው እንደተለመደው ከተርም ክፍያው ጋር ይደመር።