የደሴ ብርድ ብቻውን አያቀዘቅዘውም
ስለ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) የወጣው ጽሑፍ «ደጋ ለሚኖር ሰው የፕሮሰሰር ሙቀት አያሳስብም» ማለቱ ደሴ ተቀምጬ የሠርግ ቪዲዮ ለማቀናብረው ለእኔ አይዋጥልኝም። ብርዱስ እውነት ነው፤ ግን ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ቆላ ካለው ያንሳል። የኢንቴሉ ፕሮሰሰር ኮር አይ9 14900ኬ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይስባል፤ ምጣድ አይሁን እንጂ ክፍል ያሞቃል። እኔ የኤኤምዲውን ፕሮሰሰር ራይዘን 9 7950ኤክስ ገዝቼ የኃይል ደረጃውን ከ170 ዋት ወደ 105 ዋት ዝቅ አድርጌዋለሁ። ቪዲዮው ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ነው፤ ጩኸቱ ግን ጋብ አለልኝ። ከላይ በአስተያየትዎ «የውሃ ማቀዝቀዣ ግዙ» ያሉት ወንድም፣ በዚያ ገንዘብ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ቢጨመርበት ይሻላል፤ ሞቅ ወዳለችው ኮምቦልቻ ወርዶ ለሚሠራ ከሆነ ግን አልከራከርዎትም።