ክብር ለአስርዮሽ ነጥቧ

የኢኮኖሚ ተንባዮች ሲታሙ ስሰማ ውለታ ቢስነታችን ይገርመኛል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በየሚያዝያውና በየጥቅምቱ፣ የዓለም ባንክ በየጥርና በየሰኔው ገና ያልኖርነውን ዓመት ለክተው ያስረክቡናል። ልኩም እንደ ተራ ሰው ግምት «አራት ገደማ» አይልም፤ ኢኮኖሚው በ3.8 በመቶ ያድጋል ይላል። ሦስት ወር ሳይሞላ 3.6 ይሆናል። ሚኒስትሩ በ3.8ቱ በጀት ያስጸድቃሉ፣ ጋዜጠኛው በ3.6ቱ ዜና ይሠራል፣ ተንታኙ በ0.2ቷ ልዩነት ግማሽ ሰዓት ያወራል። ይህን ሁሉ ሰው ሥራ የምታስይዘው አንዲት ነጥብ ናት።

ነጥቧ የቆመችበትን መሬት ደግሞ እዩልኝ። ናይጄሪያ ኢኮኖሚዋን የምትለካው እ.ኤ.አ. የ1990ን ቅርጽ መነሻ አድርጋ ነበር፤ የሞባይል ስልክም ሆነ የፊልም ኢንዱስትሪዋ ኖሊዉድ ቦታ ያልነበራቸውን ዘመን ማለት ነው። ኤፕሪል 6 ቀን 2014 የስታቲስቲክስ ቢሮዋ መነሻውን ወደ 2010 አምጥቶ ሲቆጥር፣ የ2013 ጥቅል ምርት በ89 በመቶ አብጦ 510 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዕለቱ እሁድ ነው። በሰንበት፣ አንድም ፋብሪካ ሳይከፈት፣ አገሪቱ ደቡብ አፍሪካን አልፋ የአህጉሩ ትልቋ ኢኮኖሚ ሆነች። ጋናም በ2010 እንዲሁ ስትቆጠር 60 በመቶ ገደማ ከፍ ብላ ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች ተርታ ወጥታለች። (የስታቲስቲክስ ቢሮዎቹን አላማም። ደረሰኝ የማይቆርጥ ነጋዴና ለቤቱ ፍጆታ ብቻ የሚያርስ ገበሬ በበዛበት፣ በጀቱም በሳሳበት፣ ከዚህ በላይ ቆጠራ ከየት ይመጣል?) የእኔ አድናቆት ለነጥቧ ነው። ያልተቆጠረው ግማሽ ይሩጥ ይሳብ ሳይታወቅ፣ የመቶኛን አንድ አሥረኛ አንጥራ ታወጣ ነበር።

አማካዩም ምስጋና አይነፈገው። በ2016 «ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ» ያደገው 1.4 በመቶ ገደማ ነው ተባለ። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ናይጄሪያ ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ደቡብ አፍሪካም ባለችበት ስትረግጥ፣ ሚዛናቸው የሁሉንም ቁጥር ይዞት ወረደ። ኮትዲቯርና ሴኔጋል በዚያው ዓመት ከ6 በመቶ በላይ አድገዋል፤ ግን የቀጠናው ልጆች ናቸውና መቀዛቀዙን ይካፈሉ።

ይሳሳታሉ የሚል ምቀኛ አይጠፋም። በጥር 2020 ለቀጠናው 3.5 በመቶ ተተንብዮ ዓመቱ ከዜሮ በታች አለቀ። ይሁን፣ ወረርሽኝ በቀመር አይያዝም። ደጉን ዘመን እንይ ከተባለ ግን የራሱ የገንዘብ ድርጅቱ ባለሙያ ፕራካሽ ሉንጋኒ በ1990ዎቹ በዓለም ላይ የደረሱ 60 የኢኮኖሚ ውድቀቶችን ፈትሾ፣ ከዓመት በፊት በተንባዮች የታዩት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ጽፏል። ጠንቋይ ሲስት ደንበኛው ይሸሻል። ትንበያ ሲስት «ተከለሰ» ይባልና አዳራሹ ይሞላል።

ከሁሉ የምወዳት ግን በየሪፖርቱ የማትጠፋውን «ስጋቶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ» የምትል ዐረፍተ ነገር ነው። ወደ ታች ካዘነበሉ ቁጥሩን ለምን አላወረዳችሁትም ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ቁጥሩ የተጻፈው ለሚኒስትሩ፣ ዐረፍተ ነገሯ የተጻፈችው ቁጥሩ ለሚስትበት ቀን ነው፤ ሁለቱም ሥራቸውን ያውቃሉ። የደቡብ አሜሪካዋ ጋያና ነዳጅ ማውጣት ስትጀምር ለ2020 የተተነበየላት ዕድገት 86 በመቶ ገደማ ነበር። የተገኘው 43.5 ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። ዓለም በሚያሽቆለቁልበት ዓመት ያንን ያህል አድጋለችና የጎደለውን ማንም አልጠየቀም።

እኔም አንድ አቤቱታ ብቻ አለኝ። መጪው ዓመት በበቂ ተጠንቷል፤ የተቸገርነው ባለፈው ነው። መነሻ ዓመቱ በተቀየረ ቁጥር ትናንት ስንት እንደነበርን ይለወጥብናል። እባካችሁ በሚቀጥለው ሚያዝያ ያለፈውንም ተንብዩልን። በሁለት አስርዮሽ ከሆነማ አንጠግብም። ስጋቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ግን በግርጌ ማስታወሻ ይሁን፤ በጀት እያጸደቅን ነው።