ቲማቲሙን ያበሰበስነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ መንግሥትን አልወቅስም። ለእሱ ወቃሽ ሞልቷል። ዛሬ ጠቤ ከእናንተ ጋር ነው። ከእኛ ከራሳችን ጋር።

ወደ ድንበር በሚወስድ አንድ አስፋልት ላይ በሚኒባስ እየተጓዝኩ ነበር። የቦታውን ስም አልጠራም። ብጠራው ግማሾቻችሁ «እነሱማ እንዲህ ናቸው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። እናንተም ሰፈር ያው ነው።

መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። አንዱ ጫፍ ከመብራት ምሰሶ ጋር ታስሯል። ሌላውን አንድ ጎረምሳ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዞታል። ከፊታችን ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ባለ ንብረቷ ወርዳ ጎረምሳውን ታናግረዋለች። በዕድሜ እናቱን ታክላለች። ጭነቱ ድንበር ላይ ለሚጠብቃት የጎረቤት አገር ነጋዴ የሚሰጥ ነው።

«የኮቴ» ይላታል። ከጉያዋ ሁለት ወረቀት አወጣች። «ከኋላ ከፍያለሁ፣ ይኸው።» ገለጥ አድርጎ አየና መለሰላት። «ይሄ የእነሱ ነው። የእኛን ክፈይ።» ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። የጠራው ገንዘብ ሾፌሩን ከጋቢና አስወረደው።

«ልጄ፣ የጫንኩት ቲማቲም ነው እኮ። ብረት አይደለም» አለችው።

እስከዚህ ድረስ የለመድነው ነገር ነው። ያንገበገበኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በዙሪያው የነበረው ሰው ተሰበሰበ። ለሴትዮዋ የሚያዝንላት መስሎኝ ነበር። አንዷ ጮክ ብላ «ውጭ አገር ልትሸጠው እኮ ነው! እኛ እዚህ ኪሎውን በስንት እየገዛን!» አለች። ሌላው «ይበላት» አለ። ከእኛው ሚኒባስ የወረደ ክራቫት ያሰረ ሰው ደግሞ ኮስተር ብሎ «ልክ ናቸው፤ መጀመሪያ የአገር ውስጥ ፍላጎት ይሟላ» አለ። ሰዉ ማጨብጨብ ነው የቀረው። ጎረምሳው ከዚያ በፊት ትንሽ ያፈረ ይመስል ነበር። ይህን ሲሰማ ገመዱን ጠበቅ አደረገው።

የእኛ ሾፌር የተጠየቀውን ሰጠና አለፍን። አንዳችን ትንፍሽ አላልንም። እንዲያውም ከኋላ አንዱ «እኛን ካሳለፉን ምን ቸገረን» ብሎ አሳቀን።

በማግስቱ ስመለስ አይሱዙው እዚያው ነው። ሳጥኖቹ ወርደው መንገድ ዳር ተደርድረዋል። ከሥራቸው የቲማቲም ውሃ አስፋልቱ ላይ ወርዷል፤ ዝንብ ወሮታል። ነጋዴው ድንበር ላይ ጠብቆ ጠብቆ ከሌላ ገዝቶ መሄዱን የነገረኝ የአይሱዙው ረዳት ነው። ሰዉ ፌስታል ይዞ ደህና ደህናውን ይለቅማል። አይገዛም፣ ይለቅማል። ትናንት «በስንት እየገዛን» ስትል የነበረችው ሁለት ፌስታል ሞልታለች። ገመድ ያዡም አንድ ሳጥን ለይቶ ከወንበሩ ሥር አስቀምጧል። ባለ ንብረቷ ከጎማው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ይሄን ልውሰድ?» አለቻት። «ውሰጂ ልጄ» አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የጠየቀቻት ያቺ ልጅ ብቻ ናት።

ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም። ገመድ ያዡን ይቅር ልለው እችላለሁ። ሥራ የለውም፣ ከበላዩም የሚቀበለው አለ። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ፌስታል የያዘውን ሰው ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ቲማቲሙ እዚያ በመቅረቱ ማን ጠገበ? ኪሎው ቀነሰ? ከሁለት ቀን በኋላ የበሰበሰውን አካፋ ጠርጎ ጣለው። ያመረተው ገበሬ ግን በሚቀጥለው መስኖ ቲማቲም ይቀንሳል፤ ወይ ትቶት ጫት ይተክላል። የዘር፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዕዳውን በምን ይክፈል? ነጋዴዋም ሌላ ጊዜ ስትጭን የገመዱን ሁሉ ሒሳብ አስልታ ነው። ግማሹ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል፣ ግማሹ በእናንተ ኪሎ ላይ ይጨመራል። «ተወደደብን» ብላችሁ ያጨበጨባችሁለት ገመድ ነው ያስወደደባችሁ።

ደግሞ እኮ አፍሪካ አፍሪካ ስንል ማን ይችለናል! የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ አዲስ አበባ ነው ብለን ደረታችንን እንነፋለን። የአህጉሪቱ መሪዎች በ2006 ዓ.ም. በኢኳቶሪያል ጊኒዋ ከተማ ማላቦ ተሰብስበው በአፍሪካ አገሮች መካከል የሚካሄደውን የእርሻ ምርት ንግድ በአሥር ዓመት ገደማ ሦስት እጥፍ እናደርጋለን ብለው ነበር። ጊዜው አልቋል፤ ሦስት እጥፉ የለም። በመጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ የአህጉሪቱ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ሲፈረም እኛም ፈርመናል። በመስከረም 2018 ደግሞ በዚሁ ስምምነት ንግድ ጀመርን ተብሎ በዜና ሰማን። እሰየው ነው። ሞያሌ ላይም በኅዳር 2013 የእኛና የኬንያ መሪዎች የመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ አለ። የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው መኪናው አንዴ ብቻ እንዲቆም የተሠራ ነው። ሁለት አገር ተስማምቶ ፍተሻውን አንድ ሲያደርገው፣ እኛ በአንድ አገር ውስጥ ቀበሌ በቀበሌ ገመድ እንወጥራለን።

ጎረቤቶቻችንም አይሻሉም፣ እውነቱን ለመናገር። ኬንያ በየካቲት 2013 የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አለበት ብላ በድንገት አገደች። በቀናት ውስጥ እገዳውን በቅድመ ሁኔታ ብታነሳም ስንቱ መኪና ድንበር ላይ ተገትሮ ነበር። ታንዛኒያ በሚያዝያ 2017 «ምርቴን ከለከላችሁ» ብላ የማላዊንና የደቡብ አፍሪካን የእርሻ ምርት አገደች፤ በኋላ ተነጋግረው ተፈታ። የበቆሎው ሻጋታ እውነት ነው፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ይመርመር። ግን መመርመር ሌላ፣ በር መዝጋት ሌላ። ሁሉም «ለራሴ ሳይበቃኝ» ይላል፤ ሁሉም ደግሞ የጎረቤቱ በር እንዲከፈትለት ይፈልጋል። እኛም ኮሜሳ በሚባለው የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ ስንት ዘመን አባል ሆነን፣ ነፃ የንግድ ቀጣናው በ1993 ሲጀመር ደጅ ቆመን ያየን ነን።

በሕጋዊው መንገድ መሄድ እንዲህ አሳር ሲሆን ምርቱ የት ይሄዳል? ሌሊት ይሄዳል። በሶማሊላንዱ በርበራ ወደብ ላይ ለሳዑዲ ገበያ የሚጫነው በግና ፍየል ብዙው ከእኛ ቆላ የተነሳ ነው። እዚያ ሲደርስ የሌላ አገር ምርት ሆኖ ይቆጠራል። አርብቶ አደሩን ኮንትሮባንዲስት ብለን እንሰድበዋለን። በቀን አላስኬድ ብለነው!

ከንዴቱ በኋላ የሚመጣብኝ ሐዘን ነው። እኛ እኮ መንገደኛን እግር አጥበን የምናሳድር ሕዝብ ነበርን። ቡና ሳያቀምሱ እንግዳ መሸኘት ነውር ነበር። ያቺ ሴት ግን አንድ ሌሊት ሙሉ መንገድ ላይ ስታድር ውሃ ያቀበላት አልነበረም ብሎኛል ረዳቱ። በርቀት ስልክ አውጥቶ ይቀርጻት የነበረ ግን ነበር። መቼ ነው እንዲህ የሆንነው? የሌላው ኪሳራ ለእኛ ትርፍ የሚመስለን ከመቼ ወዲህ ነው?

ብዙ አልለምናችሁም። ስለ ቀረጥና ስለ ታሪፍ የሚደራደሩ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ይደራደሩ። እናንተ ገመድ ስታዩ ከመኪናው ውረዱ። «በየትኛው ሕግ?» በሉ። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ማኅተሙን እዩ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ጥጋበኛ ይባላል። የሚኒባስ ሙሉ ሰው ሲጠይቅ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ይነሳል። ይህን ማድረግ ከፈራችሁ፣ ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ቢያንስ «ይበላት» አትበሉ። ፌስታላችሁንም ቤት ተዉት።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ለአንድ የማውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ደወልኩለት። ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ በሚመላለስበት አንድ መንገድ ላይ ገበሬዎቹ ራሳቸው ወጥተው ገመዱን አነሱት አለኝ። ጎመናቸውን የሚጭን መኪና ጠፍቶ ዋጋው ስለወደቀባቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ወጣቶቹ ከኋላ ሆነው ሄዱ፤ ማንም አልተመታም። ደስ አለኝ። «እስካሁን እንደተነሳ ነው?» ስለው ሳቀ። «ኧረ በሳምንቱ ተመለሰ» አለኝ። «ገበሬዎቹስ?» አልኩት። «እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እንደገና ሊሰበሰቡ ነው አሉ» አለኝ።