ጥፋቱ የማስተሪንጉ አይደለም

ወንድሜ፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ካፌ ስንጫወት የሮክ ባንዱ የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም ድምፁ የሚሻክረው ማስተሪንግ (ከመታተሙ በፊት ያለውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) የሠራው ሰው ስላበላሸው ነው ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ማስተሪንጉን የሠራው ቴድ ጄንሰን ራሱ እንደተናገረው፣ ሚክሱ (የድምፆቹ ቅልቅል) እጁ ሲገባ ጩኸቱ ቀድሞውኑ ጣሪያ ነክቶ ነበር። አልበሙ በወጣበት በፈረንጆቹ 2008 ለጊታር ሂሮ ቪዲዮ ጌም የተሰጠው ቅጂ ግን ያን ያህል አልተጨመቀም፤ ማለትም በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል አልጠበበም። ከበሮው ይተነፍሳል!

ደግሞ የሙዚቃው ክብደት ከጩኸቱ የመጣ አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን ባንዱን ወደ 1980ዎቹ መንፈሱ ነው የመለሰው፦ ረጃጅም ዘፈኖች፣ ፈጣን ሪፍ (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ)፣ በ2003ቱ አልበም የጠፋው የጊታር ሶሎ። የካፌው ስፒከርም በከንቱ ታማ (የራሱ ኃጢአት ቢኖርበትም)። ሁለቱን ቅጂዎች በእኩል ድምፅ አድርገህ በጆሮ ማዳመጫ ስማቸው።