ፍሬን የያዘችው መኪና

ማታ እራት በልተን ሳንጨርስ ዘበኛው በር አንኳኳ። «ጋሼ፣ መኪናዎ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ፍሬን ማን ይዞላት ነው?»

ወጥቼ አየሁ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የኋላ መብራቷ ግን ግቢውን ቀይ በቀይ አድርጎታል። በሩን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ኮፈኑን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁ። የጥገና እውቀቴ እዚህ ላይ ስላበቃ «ሲነጋ ይጠፋል» ብዬ ተኛሁ።

እውነትም ሲነጋ ጠፋ። ባትሪው አልቆ ነዋ! የፍሬን መብራት ለካ ቁልፍ ቢነቀልም ይሠራል። ሁለቱ አምፖሎች እያንዳንዳቸው 21 ዋት እየበሉ ካደሩ ደግሞ የትንሽ መኪና ባትሪ ምን ይተርፈዋል?

ሰፈራችን ስንት መካኒክ እንዳለው ያወቅሁት መኪናዋ ስትገፋ ነው። ባለሱቁ «ዲናሞ ነው» አለ። የታክሲ ረዳቱ «ገመድ ተነካክቷል» ብሎ ማለ። ጡረተኛው ሻለቃ «የዘንድሮ ዕቃ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መኪናዋ 30 ዓመት እንዳለፋት ማን ይንገራቸው? ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «ዓይን ነው ልጄ፣ ሰሞኑን ቀለም አስቀብተሃት የለ?» አሉኝ። ከሁሉም ርካሹ ምርመራ የእሳቸው ነበር። ያልመረመረ አልነበረም፤ የገፉት ግን ሁለት ሊስትሮዎች ብቻ ናቸው።

ተነሳች። ከኋላዬ ያለው ሁሉ «ቆመ» ሲለኝ እሄዳለሁ፣ የምር ስቆም ደግሞ የሚያምነኝ የለም። አልጋው ውስጥ ተጠቅልሎ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» የሚል ጓደኛ የሌለው ማን ነው? መኪናዬ ቁርጥ እሱን ሆነች። አደባባዩ ላይ ለጥቂት የሳተኝ ሚኒባስ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ወይ ቁም፣ ወይ ሂድ!» አለኝ። ምን ልመልስለት?

ጋራዥ ገባን። ኤሌትሪሻኑ ሳይጠይቀኝ ፊውዝ ቀየረ። በማግስቱ አምፖሎቹን ቀየረ፤ ከመኪናዋ ሁሉ ሥራቸውን ከሚገባው በላይ እየሠሩ የነበሩት እነሱ ብቻ ነበሩ እኮ! በሦስተኛው ቀን «ገመዷ በሙሉ ካልተቀየረ» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ዋጋውን ስሰማ እማማ ትዝ አሉኝ።

ይሄኔ ስፓነር ሲያቀብል የነበረው ተለማማጅ ልጅ በጀርባው ተንጋሎ መሪው ሥር ገባ። ከውጭ የሚታየው ኮንጎ ጫማው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለ፣ ከምንጣፉ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ ለቅሞ በመዳፉ እያሳየኝ።

«ብስኩት ናታ!» አልኩት ተናድጄ። በዚያች ፍርፋሪ የተነሳ ልጆቼን መኪና ውስጥ ብስኩት ከከለከልኳቸው ሳምንት ሆኗል። (የሚቀመጡት ከኋላ ሆኖ ሳለ ፍርፋሪው ከእኔ እግር ሥር መገኘቱ እንዴት እንዳላስጠረጠረኝ እንጃ።)

በጣቱ ደቆሳትና «ፕላስቲክ ናት» አለ። ከፔዳሉ በላይ አውራ ጣት የምታህል ስዊች አለች። እግር ሲነሳ የፔዳሉ ክንድ ምላሷን ይጫናታል፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ሲረገጥ ይለቃታል፣ ይበራል። ምላሷ የምታርፈው ግን ክንዱ ቀዳዳ ላይ በተሰካች የፕላስቲክ ክዳን ላይ ነው። እሷ በእርጅና ተፈርፍራ ረገፈች፤ ምላሷ በባዶው ቀዳዳ ሾልካ ወጣች፤ ስዊቿም እግሬ ከፔዳሉ ላይ አልተነሳም ብላ አመነች።

«ከኋላ ይዩልኝ» ብሎ ምላሷን በጣቱ ተጫናት።

«ጠፋ!»

ለቀቃት።

«በራ!»

ከቆርቆሮ ውስጥ ጭንቅላቱ ሰፋ ያለ ቡሎን መርጦ ቀዳዳው ውስጥ ከተተ፣ ከጀርባው በዳዶ አጠበቀው። 10 ደቂቃ አልፈጀም። ኤሌትሪሻኑ «እኔም እሱን ልለው ነበር» ብሎ የሦስት ቀን ሒሳቡን ተቀበለ። ለልጁ የሻይ ብዬ ሰጠሁት።

ማታ ልጆቼን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ትልቋ በጣቷ ቆጠረችና «የሳምንቱ ስንት ፓኬት ይሆናል?» አለችኝ። ካሳው ተከፈለ። አሁን የኋላው ወንበር ብስኩት በብስኩት ነው፤ እኔም ፍርፋሪ ባየሁ ቁጥር ከመኪናው ወርጄ የኋላ መብራቴን አያለሁ።