የዕጣን ዘይት ጠርሙስ ውስጥ መድኃኒት አለ?

መዓዛማ ዘይት የያዙት ትናንሽ ጥቋቁር ጠርሙሶች ዛሬ ከውበት ሳሎን አልፈው ፋርማሲ ገብተዋል። መዓዛማ ዘይትን በማሽተት ወይም በመቀባት የሚደረገው እንክብካቤ አሮማቴራፒ ይባላል። «አሮማቴራፒ ሕክምና ነው» በሚለው ሐሳብ ላይ የማሳጅ ቤት ባለቤት የሆኑ ባለሙያ በድጋፍ፣ አንድ ፋርማሲስት ደግሞ በተቃውሞ ተከራክረዋል።

ደጋፊ፦

ወይባ ስንሞቅ፣ ጉንፋን ሲይዘን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተን ስንታጠን፣ ዳማከሴ አሽተን ጭማቂውን ስንጠጣ ማስረጃ አምጡ ያለን የለም። ያው ቅጠል ዘይቱ ወጥቶ ጠርሙስ ሲገባ ግን ተጠርጣሪ ሆነ። አረቄ የምታወጣ ሴት ዘዴውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እንፋሎቱ በቅጠሉ ወይም በአበባው ውስጥ አልፎ የሚተነውን ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት 3 ሺህ ኪሎ አበባና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። እንዲህ የተጠናከረ ነገር ሰውነት ላይ ምንም አይሠራም ማለት ይከብዳል።

የሚሠራበት መንገድም የተደበቀ አይደለም። ሽታ ከአፍንጫ ተነሥቶ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ይደርሳል። ጀርመን ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የላቬንደር ዘይት የያዘ እንክብል ለጭንቀት በመድኃኒትነት ተመዝግቦ ይሸጣል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ሆድን እየቆረጠና እየነፋ ለሚመላለስ የአንጀት ሕመም የፔፐርሚንት (የናና ዓይነት ቅጠል) ዘይትን ጠቁሟል። እነዚህ ሰዎች ሽቶ ነጋዴዎች አይደሉም።

ተቃዋሚ፦

እኅቴ፣ የጠሯቸው ሁለቱ ምስክሮች እኮ የእኔ ናቸው። ላቬንደሩም ፔፐርሚንቱም የሚዋጡ፣ መጠናቸው በሚሊ ግራም የተለካ እንክብሎች ናቸው። ፔፐርሚንቱ ጨጓራ ውስጥ እንዳይፈታ ተሸፍኖ አንጀት ይደርስና እዚያ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል። አፍንጫ የገባበት ነገር የለም። በመድኃኒት ሕግ ተመርምሮ ያለፈን እንክብል ይዞ፣ በሻማ ላይ ለሚሞቅ ጠብታ ምስክር ማድረግ አግባብ አይደለም።

እኔን እጅግ የሚያናድደኝ ግን የራሳችን ዕጣን ነው። የዕጣን ዘይት «ቦስዌሊክ አሲድ አለው፣ የመገጣጠሚያ እብጠት ያጠፋል፣ ካንሰር ይዋጋል» እየተባለ ይቸበቸባል። ቦስዌሊክ አሲድ ያለው ሙጫው ውስጥ ነው። ከባድ ስለሆነ ከእንፋሎት ጋር አይነሣም፤ ዘይቱ ወጥቶ ሲያልቅ እሱ ከጋኑ ሥር ከዝቃጩ ጋር ቀርቷል። ከትግራይና ከመተማ ዕጣን የሚወጣው ዘይት በአብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ንጥረ ነገር ነው። ለሽቶ ድንቅ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት ግን የከፈለችው ጠርሙሱ ውስጥ ለሌለ ነገር ነው።

ለዚህ ንግድ ሲባል ዛፉ በላይ በላዩ እየተበጣ ይዳከማል፤ ችግኙንም ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይፈጀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የሌለ መድኃኒት ፍለጋ ያለ ዛፍ እናጣለን ማለት ነው።

ደጋፊ፦

ስለ ዕጣኑ ያሉት ልክ ነው፤ ካንሰር አድናለሁ የሚለውን ነጋዴ ከእርስዎ እኩል እጠላዋለሁ። ግን ሐሰተኛ ክኒን የሚሸጥ ስላለ ፋርማሲ ሁሉ ይዘጋ እንላለን?

እኔ የምሠራውን ልንገርዎ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሳ የዋለች ሴት አንገቷ ደርቆ፣ እንቅልፍ አጥታ ትመጣለች። በሁለት የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ላይ ሁለት ጠብታ ላቬንደር እጨምራለሁ፤ አንድ በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ክርኗ ላይ ቀብቼ ቆዳዋ መቆጣት አለመቆጣቱን ካየሁ በኋላ እጀምራለሁ። ጆሮዋ ሥር ወጥሮ የነበረው ጡንቻ ሲላላ ከጣቴ በታች ይታወቀኛል። ትተነፍሳለች። ይህ ሕክምና ካልሆነ ምን ይባላል?

ተቃዋሚ፦

ማሳጅ ይባላል! ያላላት እጅዎ ነው፤ ጸጥታው ነው፤ ስልኳ አጠገቧ አለመኖሩም ነው። ለማቅለሽለሽ መዓዛማ ዘይት እንደሚታዘዝ ያውቃሉ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች ግን መርፌ ከመወጋታችን በፊት ቆዳችን የሚጠረግበትን አይሶፕሮፒል አልኮል ማሽተት ብቻውን ማቅለሽለሽን ቀንሷል። ለሳንቲም የሚገኝ ነገር ነው፤ አሮማቴራፒ ብሎ የሸጠው ግን የለም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ደግሞ ጥንቃቄን ያስረሳል። የባሕር ዛፍ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን የዋጠ ሕፃን ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። የቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ) ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ቆዳ ይቃጠላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሕንድ የመጣ የላቬንደርና የካሞሚል የቤት መዓዛ መርጫ በባክቴሪያ ተበክሎ በአራት ግዛቶች አራት ሰዎችን አሳመመ፤ ሁለቱ ሞቱ። እናቶች የሕፃን ደረት ላይ ያልተቀጠነ ዘይት ሲቀቡ በየሳምንቱ እገሥጻለሁ፤ መልሳቸው ሁልጊዜ «ቅጠል እኮ ነው» የሚል ነው።

ደጋፊ፦

እርስዎ የሚነግሩኝ ስለ አያያዝ ጉድለት ነው። ፓራሲታሞልም ከልክ ሲያልፍ ጉበት ያጠፋል፤ ሆኖም ከመደርደሪያዎ አላነሡትም። የአልኮሉ ነገርማ ጭራሽ ለእኔ ያደላል፤ በማሽተት ብቻ ማቅለሽለሽ ከቀነሰ፣ አፍንጫ የሕክምና በር መሆኑን እርስዎው ራስዎ መሰከሩ።

ተቃዋሚ፦

በር መሆኑን አልካድኩም። በሩን ያንኳኳ ሁሉ ሐኪም ነው መባሉን ነው የምቃወመው። ቢያንስ ጠርሙሱ ላይ የተክሉ ሙሉ ስም፣ የተመረተበት ቀንና የመቀጠኛው መጠን ይጻፍ።

ደጋፊ፦

ይጻፍ። «አይጠጣም፣ ከሕፃናት ይራቅ» የሚለውንም በቀይ ቀለም እጽፍልዎታለሁ። ደጄ ላይ ከሰቀልኩት ሰሌዳ «ሕክምና» የሚለውን ፋቂ ካሉኝ ግን አልፍቅም።