ሽማግሌዎቻችንን ዕድሜ ይስጥልን

በቀደም ኅዳር 22 ጎንደር ፒያሳ ሻይ ልጠጣ ገብቼ አጠገቤ ሦስት ጋቢ የለበሱ አባቶች አንዲት ልጅ መሃላቸው አስቀምጠው "በይ ልጄ ይቅር በይው" ይሏታል። ይቅር የሚባለው ሰውዬ ግን የለም፣ ስብሰባ ገብቷል አሉ። ልጅቷን አውቃታለሁ፣ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ነበረች። ነበረች የምለው አለቃዋ ማታ ማታ በቴሌግራም "ምነው ጠፋሽ፣ ብቅ በይ እንጂ" ሲላት ከርሞ አይሆንም ብላ ብትቆርጥለት በነጋታው ኅዳር 3 "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" የሚል ባለ ማህተም ደብዳቤ ደርሷት ላውንደሪ ስለወረደች ነው። የሆቴሉ ሥራ ለካ ተንቀራፎ የኖረው እሷ አንሶላ ስለማታጥብ ኖሯል!

እኔ ግን ዛሬ ሽማግሌዎቻችንን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። እነሱ ባይኖሩ ስንቱ አለቃ ፍርድ ቤት ይንከራተት ነበር።

እስኪ ትጋታቸውን እዩልኝ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ለኅዳር 6 ተያዘ፣ ለካ 6 ቁስቋም ነው፣ በንግሥ ቀን ማን ይሸመግላል? እቴጌ ምንትዋብ ያን ሁሉ ግንብ ያሠሩበት ዳገት ወጥተው አክብረው ወረዱና በነጋታው ለልጅቷ እናት ደውለው "ሴት ልጅ ዝም ስትል ነው የሚያምርባት" አሏት። ከዛ ወደ 8 ዞረ፣ 8 ላይ አንደኛው አዘዞ ለቅሶ ሄዱ። 10 ላይ ሁለቱ መጡ፣ ሦስተኛው ባጃጅ አጣሁ ብለው ቀሩ፣ ሽምግልና ደግሞ ለሁለት አይሆንም። 12 ሚካኤል። 14 ላይ ተመስገን ሞሉ፣ ቡናም ተፈላ፣ አቦሉ በጤፍ ዋጋ አለቀ፣ ቶናው በመሬት ክርክር፣ በረካው ላይ "በሉ እንግዲህ ልጆቹን እናስታርቅ" ሲባል መብራት ጠፋ። ልጆቹ! አንደኛው "ልጅ" እኮ የልጅ ልጅ ያየ ነው። 17 ላይ "ምስክር አለሽ ወይ?" ብለው ጠየቋት፣ በር ዘግቶ የሚያወራ ሰው ምስክር ጠርቶ ቃለ ጉባኤ የሚያስይዝ ይመስል፣ ቴሌግራሙን ብታሳያቸው መነጽር አልያዝንም። ቀጣዩ ቀጠሮ ለ21። 21 ጽዮን ማርያም ናት።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ አለቃዋ ወሲባዊ ትንኮሳ ያደረሰባት ሠራተኛ ምክንያቷን በጽሑፍ ገልጻ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላለች ይላል፣ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈላታል። ይሄ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ 15 የሥራ ቀን ካለፈው ይቀራል። አባቶቻችን አዋጁን አንዴም ሳይገልጡት 15ቱን ቀን ልክክ አርገው በሉት! ጠበቃ እንኳ እንዲህ አሳምሮ አይቆጥርም።

ኧረ በናታችሁ። ልጅቷ እኮ ገንዘብ አልለመነችም፣ እርቅም አልጠየቀችም፣ እርቅ የጠየቀው እሱ ነው፣ ለምን እንደጠየቀም አሳምሮ ያውቃል። እናቷ "አፍሽን ብትከፍቺ ያባርሩሻል" እያለች እንቅልፍ አጥታለች፣ አሠሪዬ በደለኝ ብሎ አቤት ማለት ለማባረር ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ያው አዋጅ ጽፎታል፣ ቢያባርሯትም እንኳ ወደ ሥራዬ መልሱኝ ብላ ለመክሰስ 3 ወር አላት። ከሦስቱ አባቶች አንዱ ይሄን ቢነግራት ምን ይጎድልባቸው ነበር? ጋቢያቸው አይወልቅ!

ብቻ ተመለስኩ ወደ ምስጋናዬ። ልጅቷ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ የቀዘቀዘ ሻይዋን ታማስላለች። መሃል ላይ ያሉት አባት ማንኪያውን የያዘችበት እጇ ላይ ዓይናቸው አረፈ፣ በረኪናው ጣቶቿን ልጦታል።

"ውይ ልጄ" አሉ ከልባቸው አዝነው፣ "እጅሽን ቫዝሊን ነገር ቀቢው እንጂ።"